የተዋጠችው ጧፍ

ነርሷ ለካችው። እንደገና ለካችው። ከዚያ በጣቶቿ ተንጠራርታ የመለኪያውን ጫፍ አየችና፣ "ጋሼ፣ አንድ ሜትር ከዘጠና ሰባት ነኝ ብለውኝ ነበር። እኔ ጋ ዘጠና ሦስት ነው የሚመጣው። ቀንሰዋል" አለችው።

በዚህ ዘመን "ቀንሰዋል" የሚባል ሰው ደስ ይለዋል። ይህችን አንዲት ቃል ለመስማት በየጂሙ ላቡን የሚያፈሰውና የሎሚ ውኃ እየጠጣ ራሱን የሚያሠቃየው የከተማ ሕዝብ ቁጥር የትየለሌ ነው። ታዲዎስ ግን ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ነርሷ ስኳሩ የወረደ መስሏት ከረሜላ ሰጠችው።

ከረሜላውን እየመጠጠ፣ "ጀመረ" አለ በልቡ። "መውሰድ ጀመረ።"

ማን ምን እንደሚወስድበት ለማወቅ ቂርቆስ ሰፈር ወደነበረ አንድ የሲሚንቶ ሜዳ መመለስ ግድ ነው።

ታዲዎስ የቂርቆስ ልጅ ነው። ሰፈሩ ፖሉ ይለዋል፤ ከመብራት ፖል ጋር ስለሚያመሳስሉት ነው። ተፈጥሮ ቁመቱን ስታድለው ድፍረት መጨመሩን ዘንግታዋለች። ውሻ ይፈራል። ሊፍት ይፈራል። መብረቅ ሲጮኽ እናቱ ወይዘሮ ጀማነሽ ሥር ገብቶ ይሸጎጥ ነበር፤ ያን ጊዜ እሷ ደረቱ ላይ ነበር የምትደርሰው። በቂርቆስ ታሪክ ረጅሙ ፈሪ እሱ ነው ቢባል የሚሟገት የለም።

እንዲህ ያለው ሰው የአንድ የእህል መጋዘን ድርጅት የሠራተኞች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ተገኘ። ቡድኑ አማተር ነበር። አማተር ማለት በእኛ አገር ልምምዱ ከሥራ በኋላ፣ ጫማው ከራስ፣ ሽልማቱ ለስላሳ መጠጥ፣ ስድቡ ግን እንደ ፕሮፌሽናል የሚሆንበት አሠራር ነው። ሪንጉ መረብ ስላልነበረው ኳስ ገባ አልገባ በሚለው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል።

ታዲዎስ ተከላካይ ነበር። አጥቂ ሲመጣበት ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ይህ ምልክት በመላው ዓለም "ማርኩኝ" ማለት ነው፤ በቅርጫት ኳስ ግን መከላከል ይሉታል። በዚህ አለመግባባት ላይ ተመሥርቶ ስድስት ዓመት ተጫወተ። ተጋጣሚዎቹ ፈርቶ እጅ የሰጠን ሰው ማለፍ አቃታቸው። ኳስ እጁ ከገባ ደግሞ እንደ ትኩስ ድንች ወዲያው ለአሚር ይወረውራል። አሚር ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ አፉም እግሩም የማያርፍ የቡድኑ አቀባይ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰው ቆሞ ይስቅ ነበር።

ሃይማኖቱም ከዚሁ እጅ ማንሳት ጋር አንድ ነበር። ዳኛው አንገት ላይ ነገር አይፈቀድም ስላለው፣ ማተቡን ከመፍታት ይልቅ በቁስል ፕላስተር ደረቱ ላይ እየለጠፈ ይገባ ነበር። ከጨዋታ በፊት ያማትባል፤ በጨዋታ መሀል ያማትባል፤ ዳኛ ሊያስጠነቅቀው ሲመጣም ያማትባል። አሚር "ወንድሜ፣ ማለቴ፣ ለእኔም አንዷን አድርግልኝ፣ ኮታህ ብዙ ነው" ይለዋል። እግዚአብሔርን ይወደው እንደሆነ የጠየቀው የለም። ይፈራው እንደነበር ግን ከትሪቡን ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ትሪቡን የምለው የድንጋይ አጥሩን ነው።

የመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ነጥቡ እኩል ሆኖ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ተጋጣሚዎቹ ከሰው ሁሉ መርጠው ታዲዎስን መቱት። ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። ፊቱ የቆመ ተከላካይ የለም፤ የሚያቀብለው አሚር የለም፤ እጅ ማንሳት አያድንም። ሜዳው ሁሉ ዝም ብሎ እሱን ብቻ ያያል። አንድ ፈሪ ሊደርስበት የሚችል ከዚህ የከፋ ነገር በሕግ አልተደነገገም።

የመጀመሪያዋ ኳስ ሪንጉን ሳትነካ አለፈች። ሳቁ እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በር ተሰማ። አሚር ከኋላው ተጠግቶ "ተንፍስ" አለው። ታዲዎስ አልተነፈሰም። ኳሷን ይዞ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቀና አለና ተሳለ። ሊል የፈለገው፣ "ቂርቆስ፣ ይህችን አስገባልኝ፤ እኔም ቁመቴን የሚያህል ጧፍ አስገባልሃለሁ" ነበር። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ለታመመ ልጅ የሚሳሉት የታወቀ ስለት ነው። ይሁን እንጂ መሀል ላይ ዳኛው "ጨርስ" ብሎ ፊሽካውን ሲነፋ ደነገጠ። ሁለት ቃላት ጉሮሮው ውስጥ ቀሩ። "የሚያህል" ቀረች፤ "ጧፍ" ቀረች። ከአፌ ወጣ ብሎ የሚያምነው ይህ ነው፦ "ይህችን አስገባልኝ፤ እኔም ቁመቴን አስገባልሃለሁ።"

ኳሷ ቦርዱን መታች፤ ሪንጉን ዞረች፤ ገባች። ሰፈሩ ተሸከመው። ከትከሻ ላይ ሆኖም ይፈራ ነበር፤ ከፍታ ይፈራላ።

በቀጣዩ እሑድ ስለቱን ሊያደርስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወደተቀመጠች ጧፍ ሻጭ ሄደ።

"ቁመቴን የሚያህል ጧፍ ፈልጌ ነበር፣ እናቴ።"

ሻጯ ከጫማው ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ አየችው። "ላንተማ ሰም ከጎጃም ማስመጣት ነው። ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የተሳልከው?"

ታዲዎስ በስለት ነገር መዋሸት ስለሚፈራ እንዳለው አድርጎ ነገራት።

"'ቁመቴን አስገባልሃለሁ'? እንዲህማ ካልክ ልጄ፣ ጧፍ ምን ያደርግልሃል። ራስህ ገብተህ ቁም እንጂ" ብላ ሳቀች። ጎረቤቷም ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ጧፍ ሳይገዛ ተመለሰ። አንድ ሰው በሁለት ቃል ጉድለት ሰም ከመስጠት አጥንቱን ወደ መስጠት የተሸጋገረው በዚያች ሰዓት ነው። "ቁመት" የተባለችው ቃል ደግሞ ተንኮለኛ ናት። ርዝመት ብቻ አይደለችም፤ መቆምም ናት። ቅዱሱ በየትኛው ሊተረጉማት እንደሚችል ታዲዎስ ባሰበ ቁጥር የሚቀመጥበት ይፈልጋል።

በወሩ ከሪንጉ የተመለሰች ኳስ ሊይዝ ዘሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደቀ። በቃሬዛ ወጣ። ቡድኑ "ጉዳት" አለ፤ እሱ "የመጀመሪያው ክፍያ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልገባም።

ቀጥሎ ያደረገውን የሚያደርግ ሌላ ክርስቲያን ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ሸሸ። የሸሸው ከእምነቱ አይደለም፤ ከአጥቢያው ነው። እጸገነት የምትባል አስተማሪ አገባና ካዛንቺስ ቤት ተከራይቶ ኡራኤልን ተጠጋ። ሥራውም እዚያው ኡራኤል አካባቢ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። ኡራኤል ያስቀድሳል፤ ኡራኤል ይጾማል፤ ልጁን ኡራኤል ክርስትና ያስነሳል። ከአንዱ ቅዱስ ሸሽቶ ሌላው ቅዱስ ቤት መደበቁ ነው። መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ሰማይ ቤትም ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል አይተላለፍም ብሎ ያሰበ ይመስላል። በየወሩ በአሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ዕለት፣ ደረጃ አይወርድም፤ አስፋልት አያቋርጥም፤ ምሳ ሳይበላ ከወንበሩ ሳይነሳ ይውላል። አለቆቹ ሥራ ወዳድ ብለው የምስክር ወረቀት ሰጥተውታል።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ሣርና የብስክሌት መንገድ አለ። አከራዩም ተከራዩም ተበተነ። ታዲዎስ የሚገባበት አንድ ቤት ብቻ ቀረው፦ ሟች እናቱ የተወችለት ቂርቆስ ያለው የቀበሌ ቤት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አንድ ጎረቤት ብቻ የሚለየው ቤት። የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ወደ ትራሱ የዞረ ነው። ሃያ ዓመት የተደበቀ ሰው በልማት ተይዞ ለባለጉዳዩ ተመለሰ።

ከዚያ እግሩ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሜክሲኮ ላይ ከታክሲ ወረደ። ጥቂት እንደሄደ ረዳቱ ከኋላ፣ "ፋዘር፣ ጫማ! ጫማህን ትተህ ነው የምትሄደው?" እያለ ጠራው። ታዲዎስ ወደ ታች አየ። ግራ እግሩ በካልሲ አስፋልት ላይ ቆሟል። ጠጠር ረግጧል፤ እርጥብ ረግጧል። ምንም አልተሰማውም። ሰው ይስቃል፤ ረዳቱ ጫማውን እያወዛወዘ ይጠራል። እሱ ግን ያ እግር የማን እንደሆነ እንደሚጠይቅ ሰው አፉን ከፍቶ ያየው ነበር።

ነርሷ ከለካችው በኋላ ዶክተር ሊካሳ የሚባል ሐኪም የጀርባውን ፎቶ መብራት ላይ ለጠፈ። "አከርካሪህ ተጨፍልቋል። ዲስኩ ነርቩን ተጭኖታል። ለዚህ ነው ያጠርከውም። ቶሎ ካልተከፈተ እግሩ አይመለስም፤ ሌላውም ሊከተለው ይችላል።"

"ከተከፈተስ?"

"አብዛኛው ሰው ቆሞ ይሄዳል።"

"አብዛኛው" አለ ታዲዎስ።

"አብዛኛው።" ሐኪሙ ቀጠሮውን አየ። "ጥር አሥራ አምስት ቦታ አለኝ።"

የወሩ አሥራ አምስት ቢሆን አንድ ነገር ነው። ጥር አሥራ አምስት ግን የቂርቆስ ዓመታዊ ንግሥ ነው። ታዲዎስ ለመነ። "ሌላ ቀን የለም? በዓል እኮ ነው።"

"ለእኔ አታስብ፣ እኔ እሠራለሁ" አለ ሊካሳ፤ ታማሚው ያዘነለት መስሎት ደስ ብሎት።

ታዲዎስ ቤቱ ገብቶ ለእጸገነት "አራዝመውታል" አላት። ቅጥፈት ነው፤ ለመዋሸት እንኳ የሚያበቃ ድፍረት የሰጠው ፍርሃት ነው። እሷም ለጥቂት ቀን አመነችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን መኝታ ቤት ስትገባ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግራ እግሩን በስፒል ሲወጋ አገኘችው። ከባቱ ላይ ደም እንደ ክር ይወርዳል። ፊቱ ላይ ሕመም የለም።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እያየሁ ነው።"

"ምኑን?"

"አለ ወይ ብዬ።"

ስፒሉን ከእጁ ቀማችውና መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ኳሷን፣ ፊሽካውን፣ የተዋጡትን ቃላት፣ ጧፍ ሻጯን፣ አራቱን ሳንቲ ሜትር። "አሁን ደግሞ በገዛ ቀኑ በቢላ ሊጨርሰው ነው" አለ። "ከዚያ አልጋ አልነሳም፣ እጸገነት። ቁመቴን ሰጥቻለሁ።"

እጸገነት ስፒሉን ልብሷ ላይ ሰካችው። "ይኼን ሁሉ ዓመት" አለች፣ "በየወሩ በአሥራ አምስት የምትደነግጠው ሌላ ሴት ይዘህ መስሎኝ ነበር። አንዴ ኡራኤል ድረስ ተከትዬሃለሁ። ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ነበር።"

"ይቅርታ።"

"ሴት በሆነች ይሻል ነበር" አለችው፣ ደሙን እየጠረገች።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወሰደችው። መምሬ ገብረክርስቶስ ሸምግለዋል፤ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ የተኙ እየመሰላቸው ብዙዎች ከልክ በላይ ይናዘዙላቸዋል። ታዲዎስ ሲጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ቅዱስ ቂርቆስ ሲሠዋ ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሦስት፣ አባቴ።"

"የሦስት ዓመት ሕፃን ያንተን ቁመት ወስዶ ምን ያደርገዋል? ኮት ያሰፋበታል?"

"እርስዎ እንዲህ ይላሉ፣ አባቴ፣ ግን…"

"እናቱ የሚፈላውን ውኃ አይታ ስትፈራ፣ 'እናቴ አይዞሽ' ያላት እሱ ነው። የፈራ ሰው አያያዝ ያውቅበታል። ሂድና ታከም።"

ሌላ ሰው በዚህ ይጽናና ነበር። ታዲዎስ ግን ከበሩ እንደወጣ፣ "አየሽ፣ እሳቸውም አይዞህ ማለት ጀመሩ" አለ። ሰው ተስፋ ሲቆረጥበት ብቻ እንደሚጽናና ያምናል። ሕዝባችንን አይዞህ በማለት ማስደንገጥ እንደሚቻል የተረዳ የቅስቀሳ ክፍል እስከ ዛሬ አለመፈጠሩ ይገርመኛል።

እጸገነት የቀራት አንድ ሰው ነበር። አሚር ዛሬ ሜክሲኮ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሆዱ ገፍቷል፤ አፉ እንዳለ ነው። ኡራኤል አጠገብ ካለች አንዲት ካፌ ሦስቱ ተገናኙ። ታዲዎስ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ አሚር እንደ ድሮው አንገቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ።

"ፖሉ፣ እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?"

"ቀንሻለሁ።"

"ጥሩ ነዋ፣ ትንሽ ከቀነስክ እኩል እናወራለን።" ከዚያ የእጸገነትን ፊት አየና ቀልዱን ዋጠ። "ነግራኛለች። ከኋላህ እኮ ነበርኩ፣ አንተ ሰውዬ። ለምን አልጠየቅከኝም?"

የታዲዎስ እጅ ስኒውን ለቀቀ። "ሰምተሃል?"

"እንዴት አልሰማም። አጠገብህ ቆሜ 'ተንፍስ' ያልኩህ ማን ሆኜ ነው።"

"ምን አልኩ?"

አሚር ግራና ቀኙን አየ። "ይኼን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም። ክብርህን ብዬ፣ በቃ። እዚህ እሷ ፊት ልናገር?"

"ተናገር" አለች እጸገነት።

"'እማዬ፣ ሽንቴ መጣ' ነው ያልከው።"

እጸገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታዲዎስ ጠረጴዛውን ይዞ ወደ አሚር ዘንበል አለ።

"ቂርቆስስ?"

"ቂርቆስ የሚባል አልሰማሁም።"

"ቁመቴንስ?"

"የምን ቁመት? 'እማዬ፣ ሽንቴ መጣ' አልክ፣ ወረወርክ፣ ገባች። ከዚያ ስንሸከምህ እኔ ከሥርህ ነበርኩና ፈራሁ።"

"ወላሂ በል።"

አሚር ስኒውን አስቀመጠ። መሳቁንም አቆመ። "ወላሂ" አለ ዝግ ብሎ።

"በልቤ ብዬው ቢሆንስ?"

"እሱን አላውቅም። ከኋላ ሆነው ልብ አይሰማም።"

እንግዲህ ነፃ ወጣ ማለት ነው። የቅስቀሳ ክፍሎች በራሪ ወረቀቶች ሁሉ ሰው ከጭፍን ፍርሃት ሲላቀቅ ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት እንደሚራመድ ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹ ሥዕልም ጨምረዋል። ታዲዎስ ሲላቀቅ መንጋጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስከዚያች ሰዓት ቁመቱን የሚወስድበት አንድ ባለቤት ነበረ። ባለቤት ያለው ነገር ይለመናል፤ ይሸሻል፤ ቢያንስ ስሙ ተጠርቶ ይታወቃል። አሁን ሕፃኑ ቅዱስ ከጉዳዩ ወጣና የቀረው የተጨፈለቀ አጥንት፣ አንድ ስለትና "አብዛኛው" የምትለዋ ቃል ብቻ ሆኑ። ስለቱም ያኛው ስለት አይደለም፤ ብረት ነው። ለዚህ ዓይነቱ የተራቆተ ፍርሃት የተጻፈ በራሪ ወረቀት ፈልጌ አላገኘሁም።

"ፈርቻለሁ" አለ ታዲዎስ። ይህን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

"ያኔም ፈርተህ ነበር" አለው አሚር። "ገባች እኮ።"

እጸገነት እዚያው ለሐኪሙ ደወለች። ጥር አሥራ አምስት አልተያዘም ነበር፤ በንግሥ ቀን ሆዱን ባዶ አድርጎ ሊቀደድ የሚመጣ ሌላ የቂርቆስ ሰው አልተገኘም።

ጠዋት ላይ ሰፈሩ ነጭ ለብሶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር መኪና መግባት አልቻለም። እጸገነት በአንድ ወገን፣ አሚር በሌላው ብብቱ ሥር ገብቶ ደግፈው እስከ አስፋልቱ ሊያደርሱት ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሌላ መውጫ የለም። ግራ እግሩን መሬት ላይ ይጎትተዋል፤ መርገጡን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ታቦቱ እየወጣ ነበርና ሕዝቡ ቆመ፤ እነሱም ቆሙ። ሃያ ዓመት የሸሸው በር ፊት ለፊቱ ተከፈተ።

ከኋላው አንዲት ሴት፣ "ወንድሜ፣ ቁመትህን ሰብሰብ አድርግልን፣ ጋረድከን" አለችው።

 አሚር ሊመልስላት ዞሮ ነበር፤ እጸገነት ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው። ታዲዎስ መንበርከክ አልቻለም፤ ከተንበረከከ የሚነሳ አልመሰለውም። አንገቱን ብቻ ደፋ። ሴትዮዋ "አዎ፣ እንደሱ" አለች።

ጧፍ አልገዛም። መግዛት ድርድር ይመስልብኛል ብሎ ፈራ። ስለትም አልተሳለም። ልማዱ ነውና ከንፈሩ "ይህችን ብቻ…" ብሎ ሊጀምር ሲል መለሰው። አጠገቡ የነበሩት ሁለቱ የሰሙት "ፈርቻለሁ" የሚለውን ብቻ ነው። እንደገና "ፈርቻለሁ" አለ። ሌላ የጨመረው የለም። ሕዝቡ እልል ሲል ተገፍተው አለፉ።

እኔ ጸሎት የምመዝንበት ሚዛን የለኝም፤ የሚመዝኑ ሰዎች ሞልተዋልና እነሱ ይመዝኑት። ነገር ግን ያ ሰውዬ በዕድሜው ምንም ሳያቀብልና ምንም ሳይቀበል እግዚአብሔር ፊት የቆመው ያን ቀን ይመስለኛል። የቆመውም በሰው ትከሻ ነው።

ከቀዶ ጥገናው ሲነቃ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበር። ሊካሳ መጥቶ "ጣቶችህን አንቀሳቅስ" ሲለው፣ ታዲዎስ የተኛ መስሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሙ "ሰመመኑ አልለቀቀውም፣ ትንሽ ቆይቼ አያለሁ" ብሎ ወጣ። ሰመመኑ ለቆታል። እስካልሞከረው ድረስ እግሩ አለ፤ ከሞከረው ግን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አልሞከረም። ከወገቡ በታች ያለውን አካሉን በሙሉ እንደ ተኛ ሕፃን ሳይነካው ተጋደመ፤ ላቡ ትራሱን አራሰው።

እጸገነት እጁን ያዘች። "ታዴ፣ ነቅተሃል አይደል።"

"አልነቃሁም።"

አሚር አልጋው ግርጌ በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። ከኪሱ የሱቁን ቁልፍ አወጣ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና ቁልፉን ውስጥ እግሩ ላይ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት፣ ቀስ አድርጎ ጎተተው።

እግሩ ተፈናጠረ። ብርጭቆው ተገለበጠ፤ ሻዩ የአሚርን ሸሚዝ ከደረት እስከ ቀበቶ አጠበው።

"ፋውል" አለ አሚር።

እጸገነት ፊቷን አልጋው ላይ ደፋች። ታዲዎስ ዓይኑን አልገለጠም። መንጋጋው አሁንም ይንቀጠቀጣል።

"የቱ ነው?" አለ።

"ምኑ የቱ ነው?"

"የመታህ። ግራው ነው ቀኙ?"

አሚር ጎንበስ ብሎ አጣርቶ አየ፤ በእንዲህ ያለ ነገር መሳሳት አልፈለገም።

"ግራው።"

"ወላሂ በል።"

አሚር ሸሚዙን ከቆዳው እያላቀቀ ማለለት።